እምቢ የማይል አስፈራሚ

ናይሮቢ ተቀምጬ ላለፉት አሥር ዓመታት እንጀራዬን የበላሁት አንዲትን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ በመተርጎም ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። ዓረፍተ ነገሯ በሕክምና ሙከራ የስምምነት ቅጽ ላይ ትገኛለች፦ «በዚህ ጥናት የሚሳተፉት በፈቃድዎ ብቻ ነው፤ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልግዎ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ በማቋረጥዎም የሚጓደልብዎ መብት ወይም የሚቋረጥብዎ ሕክምና አይኖርም።» በሽታው ይለወጣል፣ መድኃኒቱ ይለወጣል፣ የሚያስሞክረው ኩባንያም ይለወጣል፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ግን አትለወጥም።

አመጣጧ እንዲህ በዋዛ አይደለም። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በፈጸሙት ግፍ እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ ሲፈረድባቸው፣ ፍርድ ቤቱ በውሳኔው ውስጥ አሥር ነጥቦች አሰፈረ፤ የመጀመሪያውም የሚሞከርበት ሰው የውዴታ ፈቃድ ፍጹም አስፈላጊ ነው የሚል ነበር። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ያወጣው መግለጫ ይህንኑ ሐሳብ ለሐኪሞች ሁሉ መመሪያ አደረገው። መግለጫው ብዙ ጊዜ ታርሞ በ2024 እዚያው ሄልሲንኪ ላይ እንደገና ሲታደስ፣ ወደ ሙከራ የሚገባውን ሰው «ሰብጀክት» ይል የነበረውን ቃል ጥሎ «ተሳታፊ» የሚለውን ወሰደ። የተጣለው ቃል «ተገዢ» የሚል ፍቺም አለውና እኛ ተርጓሚዎች በለውጡ ደስ ብሎናል።

እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ስለ ተሳታፊው አይደለም። ያችን ዓረፍተ ነገር ፊቱ ተቀምጦ ስለሚያነብለት ሰው ነው፤ ስለ ነርሱ፣ ስለ መስክ ሠራተኛዋ፣ ስለ መዝገብ ያዡ፣ ስለ አስተርጓሚው። እነዚህ ሰዎች ለሌላው ሰው «እምቢ ማለት ይችላሉ» እያሉ ያነባሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ለአለቃቸው እምቢ ማለት አይችሉም። ክርክሬም ይኸው ነው፦ አስፈራሚው እምቢ ለማለት ነጻ ካልሆነ፣ የፈራሚው እሺታም ነጻ መሆኑ ያጠራጥራል።

አሠራሩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ላብራራ። መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሙከራውን ራሱ አያካሂድም፤ በውል ለጥናት ድርጅት ይሰጣል። የጥናት ድርጅቱ በየአገሩ ሆስፒታሎችንና ጤና ጣቢያዎችን ይመርጣል፣ ሠራተኞች ይቀጥራል ወይም ያስቀጥራል፣ መዝገቡን የሚመረምሩ ሞኒተሮች ይልካል፣ ቅጹንም እንደ እኔ ላለ ተርጓሚ ይሰጣል። ክፍያው የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ በደረጃ በደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ተሳታፊ ሲገባ፣ እኩሌታው ሲሞላ፣ የመጨረሻው ሲገባ። በብዙ ሙከራዎችም ምዝገባው እሽቅድምድም ነው። ለአገሮቹ ሁሉ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ይወሰናል፤ ጣቢያዎቹ እየተሻሙ ይሞሉታል፤ ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። የዘገየ ጣቢያ በተሳታፊ ልክ የሚከፈለው ገንዘብ ይቀርበታል።

ገንዘቡ በዚህ መንገድ ሲወርድ ቋንቋውም አብሮት ይወርዳል። ከላይ «የጊዜ ሰሌዳ» የተባለው መካከል ላይ «ዒላማ» ይሆናል፤ ታች ሲደርስ ደግሞ «ዛሬ ስንት አስፈረምሽ?» ይሆናል። እኔ በውል በሠራሁበት አንድ ድርጅት በየሰኞ ጠዋቱ ስብሰባ ሁሉም ጣቢያ በሰንጠረዥ ላይ በቀለም ይታይ ነበር፤ የሞላው አረንጓዴ፣ የተጠጋው ቢጫ፣ የዘገየው ቀይ። ተሳታፊዎች ምን ጠየቁ፣ የትኛው አንቀጽ አልገባቸውም፣ ስንቶቹ አስበው እምቢ አሉ የሚል ዓምድ ግን በሰንጠረዡ ላይ አላየሁም። በዚያ ሰንጠረዥ አስቦ እምቢ ያለ ሰው የጣቢያው ጉድለት ነበር።

በዚያው ድርጅት ሥር ከሚተዳደር፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከሚገኝ አንድ ጣቢያ፣ አንዲት ወጣት ነርስ አንድ ቀን ደወለችልኝ። ሙከራው በሕፃናት ላይ የሚደረግ ነበር። ቅጹ 14 ገጽ ነው፤ የተረጎምሁትም እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ እናቶቹ ያስቆሙኛል» አለችኝ። «ልጄ በመድኃኒቱ ቢታመምብኝ ማን ያሳክምልኛል ይሉኛል። ቅጹ 'አግባብ ባለው ሕግ መሠረት ተገቢው ሕክምና ይመቻቻል' ይላል። ማነው የሚያመቻቸው?»

ስልኩን ይዤ ዝም አልሁ። «ይመቻቻል» አድራጊው የማይታወቅ ግሥ ነው። የእንግሊዝኛውም ዓረፍተ ነገር እንዲሁ አድራጊውን የሸሸገ ነበር፤ እኔም በታማኝነት ሸሽጌ ወደ አማርኛ አሻገርሁት። ጠበቆች የጻፉትን ማድበስበስ አንዲት የገበሬ ሚስት ልጇን ታቅፋ በአንድ ጥያቄ አፈረሰችው።

ጥያቄውን ጽፌ ለድርጅቱ ላክሁ። መልሱ በማግስቱ መጣ። ትርጉሙ ከጸደቀ በኋላ አንድ ቃል ቢለወጥ ቅጹ እንደገና ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ መቅረብ አለበት፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል፤ ጣቢያው ቀይ ላይ ስለሆነ መዘግየት አይችልም፤ ለወደፊቱም ተርጓሚው ከጣቢያ ሠራተኞች ጋር በቀጥታ ባይገናኝ ይመረጣል። የመልእክቱ አነጋገር ትሑት ነበር። «ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን» ብሎም ይዘጋል።

ነርሷ በበኩሏ አንዲትን እናት ለማስረዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ትወስድ ነበር። ባልደረቦቿ በ20 ደቂቃ ይጨርሳሉ። በግምገማው ላይ «ከዒላማ በታች» ተባለች። የሦስት ወር ውሏም ሲያልቅ አልታደሰም። ልብ በሉ፤ ማንም አላባረራትም። «አልታደሰም» እንጂ። ይህም አድራጊው የማይታወቅ ግሥ ነው።

በዚያ ሙከራ በዚህ የተነሣ የሞተ ሕፃን እንዳለ አልሰማሁም፤ አለም አልልም። የሥራ መሪዎችም ሁልጊዜ የሚይዙት መከራከሪያ ይኸው ነው፦ ታዲያ ምን ጉዳት ደረሰ? ጉዳቱ የደረሰው በእሺታው ላይ ነው። ከነርሷ በኋላ የፈረሙት እናቶች ጥያቄያቸውን ያልጠየቁት ስለገባቸው ነው ወይስ የሚሰማቸው ስላልነበረ? መዝገቡ ይህን አይነግረንም። መዝገቡ ላይ ሁለቱም ፊርማዎች እኩል ናቸው።

በዚህ ሙያ ውስጥ አዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው አንድ አባባል አለ፦ ያልተጻፈ አልተደረገም። መርፌው የተወጋበት ደቂቃ ይጻፋል፤ የተሰረዘ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፤ ከጎኑ ቀንና ፊርማ ይደረጋል፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ከታየ በተለመደው አሠራር በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይላካል። ይህ ጥብቅነት ያስከብራል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የዚያው ድርጅት ሠራተኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በላይ ሲሠራ የሰዓት ቅጹ ላይ ስምንት ብቻ ይሞላ ነበር፤ ለትርፍ ሰዓቱ በበጀቱ ውስጥ መደብ የለማ! ነርሷ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሳታፊ ቤት ድረስ ሄዳ የጠየቀችው፣ መዝገብ ያዡ ሌሊት ተቀምጦ የሞኒተሩን ጥያቄዎች የመለሰው፣ በድርጅቱ ሃይማኖት መሠረት አልተደረገም። የልጁን የትኩሳት መጠን እስከ አሥርዮሽ ነጥብ በእውነት እንዲጽፍ የሚታዘዝ ሰው የገዛ ድካሙን ግን በሐሰት እንዲጽፍ ይታዘዛል። አንድን እጅ በጠዋት እውነት፣ በማታ ሐሰት እያስጻፉ ማኖር ይቻላልን? እጁ አንድ ቀን ልማዱን ቢያቀላቅል ጥፋቱ የማን ነው?

ደግሞም «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» የሚል ንግግር አለ። በየዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ይነገራል፤ በዓርማ የታተመ ካናቴራም ይታደላል። ቤተሰብማ ልጁን በሦስት ወር ውል አያሳድግም። ቤተሰብማ ቅር ያለውን ሰው «የቡድን መንፈስ ይጎድለዋል» ብሎ በግምገማ ቅጽ ላይ አይጽፍበትም። ይህን ቃል የሚወዱት አለቆች ከቤተሰብ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤትን ገመና ወደ ውጭ አለማውጣት።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። በጎተራ ላለ እህል የተባለ ከሆነ ይሁን። በሕክምና ሙከራ ቤት ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም የሚበላው የሌላውን ልጅ ነው።

በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን መድኃኒት 200 በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ እኩሌቶቹ አዲሱን መድኃኒት፣ እኩሌቶቹ የታወቀውን ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆቹ ልጆቻቸው ለሙከራ መግባታቸውን አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ተነግሯቸዋል አለ፤ ለሞቱም ምክንያቱ በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ2009 ኩባንያው ጥፋተኝነት ሳያምን ከካኖ ክፍለ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። በዚያው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ሙከራው ሥነ ምግባርን የጣሰ ነው ብሎ ለበላይ ኃላፊዎች ጽፎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሥራው ተሰናበተ። ኩባንያው ስንብቱ ከተቃውሞው ጋር አይገናኝም አለ። ይገናኝ አይገናኝ እኔ አልፈርድም፤ ነገር ግን ታሪኩን የሰማ ሌላ ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ ምን ይማራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ወደ ቅርባችን እንምጣ። እዚሁ ኬንያ ስድስት ሐኪሞች በደመወዝና በሙያ ዕድገት ከውጭ ከመጡ ባልደረቦቻቸው እኩል አልታየንም ብለው የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምን ከሰሱ። በ2014 የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ሽልንግ ፈረደላቸው። ይግባኝ ተባለና ውሳኔው ተገለበጠ፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አድልዎ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክሙ የከሳሾቹ ነው ብሎ አቤቱታቸውን ሳይቀበል ቀረ። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ያለፈ ነገር ልቀሰቅስ አይደለም ያነሣሁት። ነገር ግን አስቡት፤ ሐኪሞች፣ ጠበቃ አቁመው፣ ዓመታት ሙሉ ተሟግተው የማስረጃው ሸክም ካልተነሣላቸው፣ የሦስት ወር ውል የያዘች፣ የትርፍ ሰዓቷ እንኳ ያልተጻፈላት ነርስ በምን ማስረጃ ትቆማለች? ማስረጃው ሁሉ በድርጅቱ መዝገብ ቤት ነው፤ በዚያም ያልተጻፈ አልተደረገም።

የሕግጋቱ ነገር ደግሞ ይደንቃል። የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊው በሐኪሙ ላይ የሚደገፍ ሰው ከሆነ፣ ፈቃዱን ሌላ፣ ከዚያ ግንኙነት ነጻ የሆነ ብቁ ሰው እንዲጠይቀው ያዛል። ታላቅ ጥበብ ነው፤ የሚደገፍ ሰው እምቢ ለማለት እንደሚቸገር አውቋልና። ጠያቂው ራሱ እንጀራው በፊርማው ቁጥር ላይ የተደገፈ ሲሆንስ? የሙከራ አካሄድ ዓለም አቀፍ መመሪያው በ1996 ወጣ፤ በ2016 ተሻሻለ፤ በ2025 እንደገና ታድሶ ወጣ። ሠራተኛው በትምህርት፣ በሥልጠናና በልምድ ብቁ መሆን አለበት ይላል። ውሉ ስንት ወር ነው፣ ደመወዙ በምን ይለካል ብሎ ግን አይጠይቅም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የሙቀት መጠን በየቀኑ ይመዘገባል፤ በሠራተኛው ላይ ያለውን ፍርሃት ግን የሚለካ የለም።

ለዚህ ሁሉ አለቆች ሦስት መልስ አላቸው። ከአንዳንዶቹ ጋር ቡና ጠጥቻለሁና መልሳቸውን በሚገባ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያው «ከመንግሥት ሆስፒታል የተሻለ እንከፍላለን» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ይህ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም፤ ደመወዙ በበለጠ መጠን ዝምታውም ይወደዳል። እናትና ታናናሾቿን በዚያ ደመወዝ የምታስተዳድር ልጅ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ለመቆም የምትከፍለው ዋጋ ከእኔም ከእናንተም ይበልጣል።

ሁለተኛው «ጫናው ከላይ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ» የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። መካከል ላይ ያለው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ነው። ነገር ግን ጫናን ተቀብሎ ወደ ታች ማሳለፍ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ለዚያ ቧንቧም ይበቃል። አስተዳዳሪ የሚያሰኘው ከላይ የመጣውን ሁሉ ወደ ታች አለማሳለፉ ነው።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው መልስ «መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል፤ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ሕመምተኛ አለ» የሚለው ነው። እኔ የሙከራ ጠላት አይደለሁም። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ለካላ አዛር ሕመምተኛ የ30 ቀን መርፌ ይታዘዝ የነበረበትን ዘመን እናስታውሳለን። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ በጋራ በተደረጉ ሙከራዎች የሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት በ17 ቀን እንደሚያድን ታወቀ፤ በ2010ም የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ለዚህ ክልል መከሩት። አሥራ ሦስት ቀን ከመርፌና ከሆስፒታል አልጋ መዳን ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ያንን ውጤት ያመንነው እያንዳንዱን መርፌና እያንዳንዱን ትኩሳት የጻፈው ሰው እውነት ጽፏል ብለን ነው። ያ ሰው በፍርሃት ቢጽፍ ኖሮ 17ቱም ቀን ባልታመነ ነበር።

ጊዜ ወስዶ መጠየቅም ሥራ እንደማይገድል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። ከቀይ አፈር የሚመጣውን የእግር እብጠት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በወላይታ የዘር ጥናት ከመጀመራቸው በፊት፣ የፈቃድ አጠያየቁ እንዴት ይሁን ብለው በቅድሚያ ሕዝቡን ጠየቁ። ሰዉ ከሚሰጋበት ነገር አንዱ በሽታው በዘር ነው ተብሎ ቤተሰብ እንዳይገለል መሆኑን ተረዱ፤ የፈቃድ አጠያየቃቸውንም በዚሁ መሠረት ቀረጹ። ሥራቸው በ2009 ታትሟል። በኪሊፊም በኬንያ ጠረፍ፣ የመስክ ሠራተኞች በአሠሪያቸው ደንብና በጎረቤቶቻቸው ተስፋ መካከል ተይዘው የሚገጥማቸውን አጣብቂኝ ተመራማሪዎች ራሳቸው አጥንተው በ2013 አሳትመዋል። ስለዚህ ነገሩ አልታወቀም ማለት አይቻልም። የታወቀው ነገር ወደ ቅጥር ውሉ አልተሻገረም እንጂ።

እንዲሻገር የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአስፈራሚው ሠራተኛ ውል ቢያንስ ተሳታፊዎቹ ክትትል በሚደረግላቸው ዘመን ልክ ይሁን፤ ሕፃኑን ለሁለት ዓመት እንከታተላለን ብሎ ለእናቱ ቃል የሚገባ ሰው የሦስት ወር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ግምገማው ከፊርማ ቁጥር ይላቀቅ፤ አስቦ እምቢ ያለ ሰው በጉድለት ሳይሆን በደንብ ለተሠራ ሥራ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ የሠራተኛው ሰዓት እንደ መርፌው ሰዓት በእውነት ይጻፍ። አራተኛ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ለሙከራው የመድን ማስረጃ እንደሚጠይቁ ሁሉ የሠራተኞቹንም የውል ዓይነት ይጠይቁ፤ ምዝገባን ለማስቆም የሚያበቃ ጥያቄ ያነሣ ሠራተኛ እንደማይጎዳ በፕሮቶኮሉ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ አልተደረገምና።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላውን ከስሼ ራሴን ነጻ ባወጣ ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም። የድርጅቱ መልስ በመጣልኝ ሳምንት አንድ ወረቀት ፈርሜ ነበር፤ «ትርጉሙ ታማኝና የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል። ሐሰት አልነበረም። ትርጉሙ ታማኝ ነበር። ውሌ ግን በወሩ መጨረሻ የሚታደስ ነበርና፣ ከዘጠነኛው ገጽ ጋር የእናቶቹን ጥያቄ አያይዤ መላክ ሲገባኝ አላያያዝሁም። የእኔ ውል ታደሰ፤ የነርሷ አልታደሰም። ከዚያ ወዲህ አድራጊውን የሸሸገ ግሥ ሲመጣብኝ «ይህን የሚያደርገው ማነው?» የሚል ጥያቄ ከትርጉሙ ጋር አያይዤ እልካለሁ። ሁለት ድርጅቶች ሥራ መላክ አቆሙ። አንዱ ግን ዓረፍተ ነገሩን «የሕክምናውን ወጪ ጥናቱን የሚያስጠናው ኩባንያ ይከፍላል» ብሎ አስተካክሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።

በዚህ ከተማም ሆነ በካምፓላ፣ በካርቱም፣ በአዲስ አበባ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ ጥቂቶች አይደላችሁም፤ ነርስ ናችሁ፣ መዝገብ ያዥ ናችሁ፣ አስተርጓሚ ናችሁ። ከእናንተ ጀግንነት አልጠይቅም፤ ጀግንነት የሚያስፈልገው ሥርዓት በራሱ የተበላሸ ሥርዓት ነው። የምጠይቀው አለቆቻችሁን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንጠረዡን ዝጉና ያችን ዓረፍተ ነገር ለሠራተኞቻችሁ አንብቡላቸው፦ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልግዎ በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ እምቢ በማለትዎም የሚጓደልብዎ መብት አይኖርም። ከዚያ በታች ስማችሁን መፈረም ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ፣ ሠራተኛችሁ በስማችሁ ለአንዲት እናት እንዲያነብላት አትላኩት።